ነጻ የወጣ ሰው አሻራው ስለ ምን ይታሰራል?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት፣ ሰው ካለፈ በኋላ እንኳ የሚቀረው ሀብት ስሙ መሆኑን ስላወቁ ነው። ለነጋዴ ስሙ ከካዝናው ይበልጣል፤ ካዝናው ቢራቆት በስሙ ይበደራልና። ለአስተዳዳሪም ስሙ ከማኅተሙ ይበልጣል፤ ስሙ የጎደፈ ሹም ያተመውን ወረቀት ሕዝብ በፍርሀት እንጂ በእምነት አይቀበለውምና። እንግዲህ አንድ ሰው ምንም ሳያጠፋ፣ ወይም ያጠፋውን በቅጣት ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ስሙ በአንድ የፖሊስ መዝገብ ውስጥ ታስሮ ቢቀር የሚደርስበት ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳይ፣ ማለት ስለ ወንጀል መዝገብ መሰረዝና ስለ ጣት አሻራ መደምሰስ ነው።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ ወይም እጅ ከእጅ በሰንሰለት ተሳስሮ ወደ ዳኛ ይቀርብ ነበር። ይህ ሥርዐት ቁራኛ ይባላል። ሥርዐቱ ዛሬ ለሚያስበው ሰው ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ መልካም ነገር ነበረው። ዳኛው ፍርዱን በሰጠ ጊዜ፣ ባለዕዳውም የሚከፍለውን በከፈለ ጊዜ፣ ቋጠሮው በሕዝብ ፊት ይፈታል። መፈታቱን ያየ ሁሉ ነገሩ ማለቁን ያውቃል፤ የተፈታውም ሰው ነጻ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ምስክር መፈለግ አያሻውም። ዛሬ የሰንሰለቱ ቁራኛ ቀርቷል። በእርሱ ፈንታ ግን ሰው ከአንዲት ወረቀት ጋር ይቆራኛል፤ ይህችን የወረቀት ቁራኛ የሚፈታ ደግሞ ማን እንደ ሆነ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የእህል ነጋዴ ከደንበኛው የሚመጣለትን ገንዘብ ተማምኖ ቼክ ጻፈ እንበል። ደንበኛው ቀኑን አሳለፈ፤ ቼኩም በባንክ ስንቅ አጥቶ ተመለሰ። ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ስለ ሆነ ነጋዴው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ፤ አሥሩም ጣቶቹ ታተሙ፤ ፎቶግራፉም ተነሣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ገንዘቡ ተከፈለ። ነጋዴው ለማጭበርበር አለማሰቡም ስለ ታወቀ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘጋው። ባለጉዳዮቹ ታረቁ፤ ቡናም አብረው ጠጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ጣቶቹ የታተሙበት ወረቀት በነበረበት ቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ይህ ሰው ለንግድ ወደ ውጭ ሀገር ለመሔድ ቢፈልግ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ሌሎች ወረቀታቸውን ይዘው ሲሔዱ እርሱ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ይቀራል። «ስምዎ ስላለ ይጣራል» ይሉታል። «ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል» ቢል፣ «የተዘጋበትን ማስረጃ ያምጡ» ይሉታል። ማስረጃውን ሊያመጣ ወደ ቀድሞው ጣቢያ ቢሔድ፣ መርማሪው ተዛውሯል፤ መዝገቡም ከግምጃ ቤት ተፈልጎ እስኪወጣ ድረስ ሳምንቱ ያልፋል። በዚህ መካከል ገበያው አይጠብቀውም። እንግዲህ ጉዳቱን ያስተውሉት፤ የከሰሰው ሰው ይቅር ብሎታል፣ መንግሥትም ክሱን ትቶታል፤ ሳይተወው የቀረ ወረቀቱ ብቻ ነው።

የጣት አሻራ ከመጀመሪያው የወንጀለኛ ምልክት ሆኖ አልተፈጠረም፤ የተጀመረው በንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በሕንድ ሀገር፣ በቤንጋል፣ ሁግሊ በሚባለው አውራጃ ዊልያም ሄርሼል የሚባል የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ዕቃ ሊያቀርብለት ከተዋዋለ አንድ ሰው ጋር ውል ሲጻጻፍ፣ ሰውየው በኋላ ፊርማዬ አይደለም ብሎ እንዳይክድ የእጁን መዳፍ በቀለም አስነክሮ በውሉ ላይ አሳተመው። በኢትዮጵያም ቢሆን መጻፍ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን አትሞ ሲዋዋል፣ ሲሸጥና ሲለውጥ፣ ሲዋስም ኖሯል። ስለዚህ አሻራ በመጀመሪያ የእምነት ማሰሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ወንጀል ምርመራ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና ሁዋን ቩሴቲች በዘረጋው የአሻራ አሠራር መሠረት በደም የታተመ የጣት ምልክት አንድ የግድያ ወንጀል ገለጠ። በ1897 በካልካታ ከተማ የአሻራ ቢሮ ተቋቋመ፤ በ1901 ደግሞ የለንደን ፖሊስ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። የሰው ጣት አሻራ ከሌላው ሰው የተለየ ከመሆኑም በላይ ዕድሜውን ሙሉ ስለማይለወጥ፣ ለፖሊስ የሰጠው አገልግሎት ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም።

ይሁን እንጂ ይህ የማይለወጥ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ሰው ቤቱን ይለውጣል፤ ሥራውን ይለውጣል፤ ጠባዩንም ያሻሽላል። ጣቱን ግን ሊለውጥ አይችልም። በተሳሳተ መዝገብ ውስጥ የገባ አሻራ ባለቤቱ እስኪሞት ድረስ በዚያው ይናገርበታል። ደግሞም አሻራውን የሚያነበው ሰው ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በማድሪድ ከተማ በባቡሮች ላይ በደረሰው የቦምብ አደጋ ምክንያት፣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘው አሻራ በኦሪጎን የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው ብሎ አሰረው። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ካስታወቀ በኋላ ጠበቃው ተለቀቀ፤ ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ2006 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ። ይህ ሰው ምንም ወንጀል ሠርቶ አልነበረም። ንጹሕ ሰው አሻራው ቢቀመጥበት ምን ይጎዳዋል ለሚሉ ሰዎች ይህ ታሪክ በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ሕግ እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊዙ ሊቅ ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ የተቀጣ ሰው ወደ ቀድሞ መብቱና ስሙ የሚመለስበትን ሥርዐት ይዞ ነበር። በእርሱ እግር የተተካውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህንኑ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 አስፍሮታል። ሕጉ ይህን መሰየም ብሎ ይጠራዋል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ሰው በቅጣት ያጣውን ስም መልሶ ማግኘቱን ያመለክታልና።

መሰየም ግን እንዲያው በነጻ የሚታደል አይደለም። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊያልፈው ይገባል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ የታረመ መሆን አለበት፤ የተፈረደበትንም ካሣና ኪሣራ አቅሙ የፈቀደውን ያህል መክፈል ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን የተቀበለው እንደ ሆነ፣ የታገዱበት መብቶች ለወደፊቱ ይመለሱለታል፤ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያም በኋላ እንዳልነበረ ይቈጠራል። የቀድሞ ቅጣቱን በክፋት እያነሣ የሚነቅፈውም ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በክፉ አፍ የወጣ ስድብ እንደማይመለስ ሕግ አውጪው አስቦበታል ማለት ነው።

ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ሕግ ነው። ዳሩ ግን በሚገባ ያስተዋለ ሰው ሁለት ጉድለት ያገኝበታል።

መጀመሪያው፣ ሕጉ የሚሰረዘው ፍርዱ መሆኑን ሲናገር፣ ስለታተመው የጣት አሻራ በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ያነሣው ነገር የለም። ፍርዱ እንዳልነበረ ከተቈጠረ፣ በፍርዱ ምክንያት የተያዘው አሻራ በወንጀለኞች መካከል ተሰድሮ ሊቀመጥ የሚገባበት ምክንያት አይታየንም። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ በሩን ቆልፎ መጠበቅ ማለት ይሆናል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳዝናል። መሰየም የተጻፈው ፍርድ ለተፈረደበት ሰው ነው። ከላይ እንዳነሣነው ነጋዴ መዝገቡ የተዘጋለት፣ ወይም ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተው ሰው ግን የሚሰረዝለት ፍርድ ስለሌለ በዚህ በር ሊገባ አይችልም። እንዲህ ከሆነ ሰርቆ የተቀጣው ሰው ዓመቱን ቈጥሮ ስሙን የሚያጥብበት ምንጭ ሲኖረው፣ ምንም ያልሰረቀው ሰው ግን ምንጩ አይመለከትህም ተብሎ ጭቃውን ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቈጠር መብት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱ እንዲከበር ያዛል። በክስ ላይ ሳለ ንጹሕ ተብሎ የሚቈጠረው ሰው፣ ከክስ ነጻ ከወጣ በኋላ የተጠረጠረ ሆኖ ሊኖር አይገባውም።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር ፖሊስ ነጻ የወጡ ሰዎችን አሻራ ያለ ጊዜ ገደብ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት ሰዎች ይህን ተቃወሙ። አንዱ ሲያዝ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዘረፋ ሙከራ ተከስሶ በነጻ ተሰናበተ። ሁለተኛው ክሱ የተቋረጠለት ሰው ነበር። አሻራችን ይደምሰስልን ብለው ቢጠይቁ ፖሊስ እምቢ አለ፤ የሀገሪቱ ፍርድ ቤቶችም ፖሊስን ደገፉ። ነገሩ በመጨረሻ ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 4 ቀን 2008፣ አሥራ ሰባቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ያልተፈረደበትን ሰው አሻራና የዘር ምልክት ያለ ልዩነትና ያለ ገደብ ማስቀመጥ የግል ሕይወትን መብት መጣስ ነው ብለው ፈረዱ። እንግሊዝም በ2012 ሕጓን አሻሻለች፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎች የዘር ምልክት ከመዝገብ ተሰረዘ።

ከዚህ ሕግ የምንማረው ፍሬ ነገር፣ መደምሰሱ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ እንጂ የባለጉዳዩ ልመና አለመሆኑ ነው። በካናዳ ነጻ የወጣ ሰው አሻራውን ላተመው የፖሊስ ክፍል ራሱ ማመልከት አለበት። ማመልከት የሚችለው ግን ማመልከት እንደሚቻል የሚያውቀው ነው። የተማረውና ጠበቃ የሚያቆመው ያመለክታል፤ ጫኝና አውራጁ፣ ባለ ጉልቱና ዘበኛው ግን መብት እንዳለው ሳያውቅ ዘመኑን ይፈጽማል። መብት በማመልከቻ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ለድኻ የተከለከለ ያህል ነው።

በዚህ ነገር ላይ የፖሊስን ወገን ሐሳብ ሳንሰማ ብንፈርድ ትክክል አይሆንም። ዛሬ በነጻ የተለቀቀው ነገ ሊያጠፋ ይችላል፤ አሻራው ካለ ቶሎ ይያዛል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ምክንያት ተይዞ ለማያውቀውም ሰው ሁሉ ይሠራል። ሊያጠፋ ይችላል የሚባል እንደ ሆነ ማን ይቀራል? ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ የተገኘና ባለቤቱ ያልታወቀ አሻራ ይደምሰስ የሚል የለም፤ እርሱ ምርመራው እስኪያልቅ ይጠበቅ። ስለ ከባድ ወንጀል ተከስሶ በማስረጃ ማነስ የተለቀቀ ሰውም ቢኖር፣ የእንግሊዙ ሕግ እንዳደረገው ለሦስት ዓመት ተቀምጦ፣ ዳኛ ካልፈቀደ በቀር ከዚያ እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል። እኛ የምንቃወመው ገደብ የሌለውንና ጠባቂ ዳኛ የሌለውን ማስቀመጥ ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ያስቸኩላል። ድሮ አሻራ በአንድ ካርድ ላይ ታትሞ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ካርዱን ያቃጠለ ሥራውን ጨረሰ። አሁን በመሣሪያ የተያዘው አሻራ በአንድ ደቂቃ ወደ ብዙ ቦታ ይገለበጣል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ከዚህም ጋር ሰላማዊው ዜጋ ሁሉ ለፋይዳ መታወቂያ አሥሩን ጣቱን፣ ዐይኑንና ፊቱን ይሰጣል። ስለዚህ አሻራ መስጠት ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው የንጹሑ አሻራ በወንጀለኞች መዝገብ ሲቀመጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ሰው ስለ ራሱ የተያዘው መረጃ ያላግባብ ሲሆን እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበትን መንገድ መክፈቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ለወንጀል ምርመራ ሥራ ልዩ ሁኔታ ስለ ተደረገለት፣ የፖሊስ አሻራ ጉዳይ ራሱን የቻለ ግልጽ ድንጋጌ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የሚከተለው ቢደረግ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ ተጠርጣሪው በነጻ ሲሰናበት ወይም መዝገቡ ፈጽሞ ሲዘጋ፣ ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ በዚያው ትእዛዝ ላይ አሻራውና ፎቶግራፉ እንዲደመሰስ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አሻራውን ያተመው ክፍል በተወሰነ ቀን ውስጥ ዋናውንም ግልባጩንም አጥፍቶ፣ ማጥፋቱን የሚገልጽ ወረቀት ለባለቤቱ ይስጥ። ሦስተኛ፣ ሰው በተሰየመ ጊዜ ፍርዱ ብቻ ሳይሆን አሻራውም ከወንጀለኞች መዝገብ ይውጣ። አራተኛ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጸው ማስረጃ የጸና ፍርድን ብቻ ይመልከት፤ የተዘጋ መዝገብና ያልተረጋገጠ ጥርጣሬ ለማስረጃው መዘግየት ምክንያት አይሁን።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስም ቢሆን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ከላይ ያነሣነው ባለጉዳይ በመስኮታችሁ ሲቆም የተዘጋውን መዝገብ ፈልጎ ማምጣት የእርሱ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ተግባር መሆኑን አስቡ። በሁለት ክፍሎች መካከል የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ የአንድ ሰው ወር ሙሉ መንከራተት ያስቀራል። ነጋዴዎችም ሆይ፣ ገንዘብ ያዥና የመጋዘን ጠባቂ ስትቀጥሩ ማስረጃ መጠየቃችሁ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ለማይጠይቀው ሥራ ሁሉ ይህን ወረቀት አትጠይቁ፤ በሕግ የተሰየመ ሰው ስትቀጥሩም የቀድሞ ነገሩን አታንሡበት። ቅጣቱን ፈጽሞ የተመለሰ ሰው ሥራ ቢያጣ የሚሔድበት መንገድ ወደ መጣበት ነው፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው የእናንተው መጋዘን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ደረቅ ቼክ፣ የጉምሩክ ክርክርና የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ነገ የማንንም ነጋዴ ጣት በቀለም ሊያስነክር እንደሚችል አይዘንጋ።

መንግሥት ሰውን የመያዝ ሥልጣን አለው፤ ጣቱንም የማተም ሥልጣን አለው። ይህን ሥልጣን የሚያስከብረው ግን ያሰረውን በጊዜው መፍታቱ ነው። አባቶቻችን ቁራኛውን ሲያስሩ በአደባባይ ነበር፤ ሲፈቱም በአደባባይ ነበር። እኛም በቀለም ያሰርነውን በቀለም እንፍታው፤ ባንድ ትእዛዝ፣ ባንድ ማኅተም፣ ባለቤቱ ሳይለምን።